በስኳር ወረቀት የመጣ መልስ

የሐጂ ሳላሃዲን ልጅ ሙኒራና የሻምበል ባሻ ለገሰ ልጅ ብሩህ የተዋደዱት በስኳር ነው ቢባል የነገሌ ሰው ይስቃል። ይሳቅ። እውነቱ ግን ያው ነው።

በዚያን ጊዜ ስኳር በፌስታል አይሸጥም ነበር። ሐጂ ሳላሃዲን ከመርካቶ ዕቃ ባስጫኑ ቁጥር ከስኳሩና ከሳሙናው ጎን በኪሎ የተገዛ አሮጌ ወረቀት በሲባጎ ታስሮ ይመጣል። ደርግ ወድቆ ብዕር የጨበጠ ሁሉ መጽሔት የሚያቋቁምበት ዘመን ስለነበር ከእስሩ ውስጥ የሚበዛው የመጽሔት ገጽ ነው። ሙኒራ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ ነጥብ ሳይመጣላት ቀርቶ ከአባቷ ባንኮኒ ኋላ የቆመች ልጅ ነበረች። ገጹን ትገነጥላለች፣ ትጠቀልላለች፣ ስኳሩን ትሞላለች። ከመሙላቷ በፊት ግን ታነበዋለች። እንዲህ ስታደርግ ቆይታ ነው አንድ ቀን ዓይኗ ከአንድ ማስታወቂያ ላይ ተተክሎ የቀረው። «የአጭር ልቦለድ ውድድር። በእጅ የተጻፈም እንቀበላለን» ይላል።

ወዲያው ብሩህ ትዝ አላት። ብሩህ ተማሪ ሳለ ድርሰቱ በየክፍሉ እየዞረ ይነበብለት የነበረ፣ ዛሬ ግን ፍርድ ቤቱ በር ካለው ዛፍ ሥር ለባለጉዳይ ማመልከቻ እየጻፈ የሚውል የጦር ካምፕ ልጅ ነው። ባለጉዳይ በጠፋበት ቀን ልቦለድ ይጽፋል። ሰው «ደራሲው» ይለዋል፤ ግማሹ ወዶ፣ ግማሹ አፊዞ። ያን ዕለት ሩብ ኪሎ ስኳር ሊገዛ ሲመጣ ሙኒራ ማስታወቂያውን ወደ ውስጥ አድርጋ ጠቀለለችለት። ስኳሩ ሲያልቅ ወረቀቱን እንዳይጥለው ብቻ አስጠነቀቀችው። እሱም አልጣለውም።

ከዚያ ወዲያ ብሩህ ከስኳር የማይለይ ሆነ። ገና የትናንቱ ሳያልቅ ሌላ ይገዛል። እናቱ እሙሽ ቤቴን ንብ ሊወርሰው ነው እያለች ለጎረቤት ታማው ጀመር። ምስኪን እናት፤ የልጇን ልብ የወረሰው ምን እንደሆነ ከየት ትወቅ። ሁለቱ ቁጭ ብለው ሳይመክሩ የተስማሙበት ሕግ ነበራቸው። ስኳሩ በመጽሔት ገጽ ከተጠቀለለ አዲስ ውድድር ወይም ልቦለድ የሚቀበል መጽሔት ተገኝቷል ማለት ነው። በቡናማው የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ከተጠቀለለ ደግሞ ዛሬ ምንም የለም ማለት ነው። ብሩህ የጻፈውን ወደ ፖስታ ቤት ከመውሰዱ በፊት ለሙኒራ ያስነብባታል። እሷም አንብባ ስትመልስ ከዳር በእርሳስ አንዲት ቃል ትጭርለታለች፤ «በርታ» ወይም «ይሄኛው አስለቀሰኝ»።

እጅ ለእጅ እንኳ ተነካክተው አያውቁም። ባንኮኒው በመካከላቸው ነበር። ባንኮኒው ብቻ ቢሆንማ ደግ ነበር። እሷ የሐጂ ልጅ ናት፤ እሱ የማርያም ማኅበር ከማይታጎልበት ቤት የወጣ ነው። የሷ አባት ከጉራጌ አገር በወጣትነታቸው መጥተው፣ ከአንዲት ሳጥን ሻማና ክብሪት ተነስተው ሱቅ የከፈቱ ሰው ናቸው። የሱ አባት የፈረሰ ጦር ሻምበል ባሻ ነው። ሐጂ ሳላሃዲን ስለ ካምፕ ሰው ሲነሳ የሚሉት አንድ ነገር ብቻ ነበር። «የካምፕ ሰው ቤቱ ጎማ ላይ ነው» ይላሉ፤ «ዛሬ አለ፣ ነገ የለም።»

ብሩህ የላካቸው ልቦለዶች ግን ሁሉም ውሃ በላቸው። አንዱም መልስ አላመጣም። አይሆንም የሚል እንኳ አልመጣም። ፖስታ ቤት ደጃፍ ሲደርስ የመስኮቷ ሠራተኛ ገና ከሩቅ ራሷን ትነቀንቅለታለች። ልጁ እየከሳ፣ ፊቱ እየጠቆረ ሄደ።

«አይሆንም ቢሉኝ እኮ መጥፎ መሆኔን አውቄ እተወው ነበር» አላት አንድ ቀን ባንኮኒውን ተደግፎ። «ዝም ሲሉኝ ግን መኖሬንም እጠራጠራለሁ።»

«ሌላ እፈልግልሃለሁ» አለችው ሙኒራ። ሌላ ምን ትበል። ቀና ብሎ ሲያያት ዓይኑ ውስጥ የነበረው ልመና ቀኑን ሙሉ ከፊቷ አልጠፋ አለ። ደንበኛ ሳሙና ሲጠይቃት ክብሪት ስትሰጥ ዋለች።

አንድ ቅዳሜ ነው ነገሩ የተበላሸው። ሜጋ ከተማ ያለ አንድ ነጋዴ ሙኒራን ለልጁ ሊያጭ ሽማግሌ ልኮ፣ ሽማግሎቹ ከሱቁ በር ላይ ተቀምጠዋል። ብሩህ በዚያው ሰዓት ስኳር ሊገዛ ገባ። ሙኒራ አንገቷን ደፍታ፣ አባቷ ከጎኗ ቆመው እያዩአት፣ እጇ ያገኘውን የሲሚንቶ ወረቀት አንስታ ጠቀለለችለት። ቀና ብላ ብታየው ኖሮ ዓይኗ ብዙ ይናገር ነበር፤ ግን አላየችውም። ብሩህ ቡናማውን ጥቅል ተቀብሎ፣ ሽማግሎቹን አይቶ፣ ወጣ። እሑድም ሰኞም ወደ ሱቁ ድርሽ አላለም።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ እህቱ ሰገነት መጣች። ሁለት ሳሙናና አንድ ፓኮ ሻማ ጠየቀች። ሻማው ለማን እንደሆነ ሙኒራ ሳትጠይቃት ራሷ ነገረቻት።

«ለብሩህ ነው። ነገ ጠዋት ሻኪሶ ይሄዳል። ወርቅ ሊቆፍር።»

የሙኒራ እጅ ሚዛኑ ላይ ቀረ። ባለፈው ክረምት ጃልዴሳ የሚባለውን የሰፈራቸውን ልጅ የበላው የሻኪሶ ጉድጓድ ነው። አስከሬኑን ለማውጣት ከነገሌ ሰው ተሰብስቦ ሄዶ ነበር።

ሰገነት ድምጿን ዝቅ አደረገች። ብሩህ የጻፈውን ሁሉ፣ ዕድሜውን ሙሉ ያጠራቀመውን፣ ትናንት ምድጃ ውስጥ መጨመሩን ነገረቻት። እናታቸው እያለቀሰች ብትለምነው አልሰማም፤ አንድ በአንድ እያነበበ ማገደው። አባትየው ሻምበል ባሻም ወጥቶ ሄደ።

«አንቺም ተስፋ እንደቆረጥሽበት ነው የሚያውቀው» አለች ሰገነት። «‹ቅዳሜ በሲሚንቶ ወረቀት ነገረችኝ› አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም።»

«እንዲያ አይደለም በይው። አባ አጠገቤ ስለነበሩ ነው በይው።»

«እኔ ብነግረው የሚያምነኝ ይመስልሻል? የራስሽን ራስሽ ንገሪው እንጂ» ብላ ሰገነት ዕቃዋን ይዛ ወጣች። ሙኒራ ከባንኮኒው ኋላ ቆማ እንባዋን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። እውነትም አፍ አላት፤ ግን እስከዚያ ቀን ድረስ ለዚያ ሰው የልቧን በስኳር ጥቅል እንጂ በአፏ ተናግራ አታውቅም።

ቀጥሎ ደንበኛ ሲገባ ወረቀት ፈልጋ ጎንበስ አለች። ያን ዕለት ጠዋት አዲስ እስር መጥቶ፣ ሐጂ ፈትተው ከላዩ ጥቂት ሸጠውበታል። አንዱን ገጽ ሳበች። የታተመ አልነበረም፤ በእጅ የተጻፈ ነው። ልትጠቀልለው ስትል የመጀመሪያው መስመር ዓይኗ ውስጥ ገባ።

«አባቴ ጠዋት ጠዋት ካኪውን ይተኩሳል። የሚጠራው ጦር ግን የለም» ይላል።

ገጹን ወደ ብርሃን አቀረበችው። የ«ለ»ን እግር ወደ ውጭ እንዲህ የሚጎትት ሰው በነገሌ ከብሩህ ሌላ የለም። ካለፈው ዓመት በፊት እሷ ራሷ ያነበበችው፣ ከዳሩ «ይሄኛው አስለቀሰኝ» ብላ የጫረችበት፣ «ካኪ» የሚለው ልቦለዱ ነው። የእርሳሷ ጽሕፈት እዚያው ዳር ላይ ነበር። ጦሩ ፈርሶ ቤቱ ከገባ በኋላም የደንብ ልብሱን እየተኮሰ ስለሚያኖር አባት የተጻፈ ነው። ለ«ማለፊያ» መጽሔት ውድድር የላኩት እሱን ነበር።

ደንበኛውን በሲሚንቶ ወረቀት ሸኝታ እስሩ ላይ ተንበረከከች። ገጾቹን እየገለበጠች የብሩህን ለቀመች። ከነሱ ሥር ያልተሸጡ የ«ማለፊያ» ቅጂዎች ተደራርበው ታሽገዋል። ከዚያ ሥር ደግሞ የማታውቃቸው ሰዎች የእጅ ጽሑፎች ከነፖስታቸው አሉ፤ አንዱ ከጎሬ፣ አንዱ ከደብረ ታቦር፣ አንዱ ከአሰላ። ሁሉም በውድድሩ ተስፋ አድርገው የላኩት ነው። መጽሔቱ ሲዘጋ ቢሮው ያለውን ወረቀት ሁሉ በኪሎ ሸጦ ነው።

ያን ጊዜ ነው ነገሩ ሁሉ የበራላት፤ ምነው ባልበራላት። መጽሔት ሲሸጥ ሰው ቤት ይገባል። በኪሎ ተመዝኖ ነገሌ ድረስ ለስኳር የሚመጣው ሳይሸጥ የቀረ፣ ባለቤቱ የከሰረበት ነው። እሷ ከስኳር ወረቀት ላይ እየለቀመች ለብሩህ የሰጠችው አድራሻ ሁሉ የሞተ ወይም ሊሞት የተቃረበ መጽሔት አድራሻ ነበር። ልጁ መልስ ሲጠብቅ የከረመው ከመቃብር ነው። በሩን እያሳየች ወደዚያ የላከችውም እሷ ናት፤ በፍቅሯ፣ በገዛ እጇ፣ እንዳይቀደድ ተጠንቅቃ እየጠቀለለች።

ቁጭ ብላ አለቀሰች። ሁለተኛ እስክታነበው ድረስ ሌላ ነገር መኖሩን አላስተዋለችም። በገጾቹ ላይ ቀይ እስክሪብቶ ነበር። አንድ ሰው አረፍተ ነገር መርጦ አስምሮበታል። ካኪው ስለሚሰቀልበት ምስማር የሚናገረው አንቀጽ ዳር «ግሩም» ተብሎ ተጽፏል። አንድ ሰው አንብቦት ነበር ማለት ነው። ግን ፍርዱ መጨረሻው ገጽ ላይ ይሆናል፤ የመጨረሻው ገጽ ደግሞ የለም። እስሩን ገልብጣ እስከ ወለሉ ፈለገች። የለም።

«አባ» አለቻቸው በሩ ላይ ለተቀመጡት ሐጂ። «ከዚህ እስር ለማን ሸጡበት?»

ሐጂ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩዋት። ጠዋት ለወተት ሻጯ ለዲንኪቱ ስኳር እንደሰጧት፣ የእጅ ጽሑፉ ወረቀት ወፍራም ስለሆነ መንገዷ ሩቅ ነው፣ እንዳይቀደድባት ብለው ለሷ እንደመረጡላት ነገሯት። ምን ሆነሽ ነው ሲሏት ግን ሙኒራ የሲሚንቶ ወረቀት ይዛ፣ ሱቁን ትታ ወጥታ ነበር። ሐጂ ሳላሃዲን ልጃቸው ሱቅ ጥላ ስትወጣ ሲያዩ ያን ቀን የመጀመሪያቸው ነበር።

የወተት ገበያው ተበትኖ የቦራና ሴቶች ባዶ ዕቃቸውን ተሸክመው ወደየመንደራቸው አምርተዋል። ሙኒራ ሻሿ አንገቷ ላይ ወድቆ፣ አቧራው ጫማዋን ሞልቶ፣ ከከተማው ዳር ካለው የውሃ ጉድጓድ አጠገብ ዲንኪቱን ደረሰችባት። ዲንኪቱ ረጅም፣ ቀጭን፣ ነገር የማይደንቃት ሴት ናት።

«አካም፣ አዴ ዲንኪቱ። ናጋ?» ብላ በኦሮምኛ ሰላም አለቻት።

«ናጋ። ማል ታቴ፣ ኢንተላ ኮ? ምን ሆንሽ፣ ልጄ?»

ሙኒራ ትንፋሿ እየተቆራረጠ ስኳሩ የተጠቀለለበትን ወረቀት እንደምትፈልግ፣ ለስኳሩ ሌላ ወረቀት እንዳመጣች ነገረቻት። ዲንኪቱ ቀስ ብላ ጥቅሉን ከወተት ዕቃዋ አፍ ላይ አወጣች። ፍየል እንዳይቀማት ከላይ ይዛው ነበር። ስኳሩን በሲሚንቶ ወረቀቱ ላይ ገለበጠችና ገጹን ዘርግታ አየችው። አማርኛ ማንበብ አትችልም፤ ሰው ማንበብ ግን ትችላለች።

«ለወረቀት እንዲህ አይሮጥም» አለች። «ባለቤቱ ማነው?»

ሙኒራ የወደቀውን ሻሿን ወደ ራሷ መለሰች። ዲንኪቱ ሳቅ ብላ ወረቀቱን አቀበለቻት። «ሂጂ በይ። ዋቃ ካንቺ ጋር ይሁን» አለቻት።

ገጹ ጥግ ላይ ወተት ነክቶት ቀለሙ ፈዟል። ከታሪኩ መጨረሻ በታች ግን ቀዩ ጽሕፈት ቁልጭ ብሎ ይነበባል። «ይታተም። አንደኛ የሚወጣው ይሄ ነው። ልጁ ይጠራልኝ» ይላል፤ ሥሩ ላይ «ኃይለማርያም» ተብሎ ተፈርሟል።

ሙኒራ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጭ አለች። ከብት የሚያጠጡ ሰዎች ዘፈናቸውን አቁመው አዩዋት። ደስ ይበላት ይሆን ወይስ ትዘን፤ ልቧ ምን እንደሚሰማው ራሷም ግራ ገባት። ብሩህ አሸንፎ ነበር። አሸንፎ እያለ፣ ማሸነፉን የሚነግረው ጠፍቶ፣ ጽሑፉን ሁሉ አቃጥሎ ነገ ጉድጓድ ሊወርድ ነው። በዓለም ላይ የቀረው የሱ ጽሑፍ እጇ ላይ ያለው ብቻ ነበር፤ እሱንም ስኳር ነክቶት ይጣበቃል።

መናኸሪያው በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ሞላ። የአዲስ አበባው አውቶቡስ ሞተሩን አስነስቶ ጭስ ይተፋል። በክብረመንግሥት፣ በአዋሳ አድርጎ የሚሄደው ያው አንዱ አውቶቡስ ነው፤ ሻኪሶ የሚሄድ ክብረመንግሥት ላይ ይወርዳል። ረዳቱ «ክብረመንግሥት፣ ሻኪሶ የምትሉ» እያለ ይጣራል። ብሩህ ከአንዲት ትንሽ ሻንጣ ጋር ከመሰላሉ ሥር ቆሞ ነበር። ከሰገነት ሌላ የሸኘው ሰው የለም። ሙኒራ ስትመጣ ሲያይ ፊቱን ወደ አውቶቡሱ አዞረ።

«ብሩህ» አለችው።

«እንኳን ደስ ያለሽ» አለ ሳይዞር። «ሜጋ ጥሩ አገር ነው። መንገድ ዳር ነው።»

«ቅዳሜ አባ አጠገቤ ነበሩ። ለዚያ ነው የሲሚንቶ ወረቀት የሰጠሁህ። ሽማግሎቹን አልጠራኋቸውም፣ እሺም አላልኩም።» ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። ለዚህ ሰው ይህን ያህል ቃል በአንድ ትንፋሽ ተናግራ አታውቅም። «ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ከሰማኸው ትጠላኛለህ።»

ብሩህ ዞረ።

ሙኒራ ሳትደብቅ ነገረችው። ያ ሁሉ ማስታወቂያ የሞቱና ሊሞቱ የተቃረቡ መጽሔቶች መሆኑን፣ የሚሸጥ መጽሔት ለስኳር እንደማይመጣ፣ ይህን ትናንት ብቻ እንዳወቀች፣ ዝም ያሉት ሰዎች የናቁት ሳይሆኑ የሌሉ መሆናቸውን ነገረችው። መልስ አጥተህ የከሳኸው በኔ ነው፣ መኖርህን የተጠራጠርከው በኔ ነው አለችው። ከዚያ ገጾቹን ከቀሚሷ ሥር አወጣች። ሌሊቱን ስኳሩን በእርጥብ ጨርቅ ስትጠርግ አድራ ነበር።

ብሩህ ጽሕፈቱን ሲያይ ገጾቹን ነጠቃት። ምድጃ ውስጥ የጨመረው መሰለው። ገጽ በገጽ እያለፈ ቀዩ ማስመሪያ ላይ ሲደርስ ይቆማል፣ ያነባል፣ ያልፋል። «ግሩም» የሚለው ላይ ረጅም ጊዜ ቆየ። የመጨረሻውን ገጽ ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ደጋግሞ አነበበው። ሰገነት ከጎን አንገቷን አስግጋ አንብባ አፏን በእጇ ያዘች።

«መቼ ነው የጻፈው?» አለ በመጨረሻ።

«ከመዘጋታቸው በፊት።»

ብሩህ ሳቀ፤ የደስታ ሳቅ አልነበረም። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለ። «አሁን ምን ያደርግልኛል? መጽሔቱ የለም። ሌላውን ሁሉ አቃጥዬዋለሁ። አንደኛ የወጣሁት ከሌለ ነገር ነው።»

«መጽሔቱ ነው የሞተው። ሰውየው አልሞተም።» ሙኒራ ከ«ማለፊያ» ቅጂ የገነጠለችውን ገጽ ዘረጋችለት። ዋና አዘጋጅ ኃይለማርያም ይላል፤ ቢሮው አራት ኪሎ የት ጋ እንደነበር ይናገራል። «እንዲህ አድርጎ የሚያነብ ሰው ሥራ አይፈታም። ሌላ ቦታ ሆኖ ያነባል። ሂድና ፈልገው።»

«ባላገኘውስ?»

«ታገኘዋለህ ብዬ አልዋሽህም። አላውቅም። ከዚህ በፊት አውቃለሁ ብዬ ነው እንዲህ ያደረግኩህ።»

ብሩህ አየት አደረጋት። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ከሻኪሶ እኮ በየጊዜው ብቅ ማለት እችል ነበር» አላት። «ከአዲስ አበባ ግን መቼ እንደምመለስ ማን ያውቃል? እያባረርሽኝ ነው?»

«አዎ» አለች ሙኒራ። ከዚያ በኋላ እንባዋን መያዝ አልቻለችም። «ጉድጓድ ወርደህ አጠገቤ ከምትሆን ወጥተህ ብትርቀኝ ይሻለኛል።»

ረዳቱ በሩን ደበደበ። ብሩህ ሻንጣውን አነሳ፤ ከዚያ መልሶ አስቀመጠው።

«እኔ ስኳር አልወድም» አላት። «ታውቂያለሽ? ሻይ እንኳ የምጠጣው ያለ ስኳር ነው።»

«አውቃለሁ» አለችው። እጁን በሁለት እጇ ያዘችው። ባንኮኒ በሌለበት፣ ሰው በሞላበት መናኸሪያ፣ የሐጂ ልጅ የካምፑን ልጅ እጅ ይዛ ቆመች። እጁ ቀዝቃዛ ነበር። ስንት ጊዜ ያልመችው እጅ ነው፤ ሲደርሳት ለመልቀቅ ሆነ።

ከንጋቱ የሱብሒ ሶላት የሚመለሱ ሰዎች በመናኸሪያው አጥር ጥግ ያልፉ ነበር። ከመካከላቸው አንዱ ቆመ። ሙኒራ ቀና ስትል አባቷን አየቻቸው። ሐጂ ሳላሃዲን መቁጠሪያ መስበሃቸውን በእጃቸው ይዘው፣ አንዱን ፍሬ በጣታቸው እንደጨበጡ፣ ሳይቆጥሩ ቆመዋል። ሙኒራ እጁን አልለቀቀችም።

አውቶቡሱ መንቀሳቀስ ሲጀምር ነው ብሩህ ዘሎ የገባው። ገጾቹን ደረቱ ላይ አጣብቆ በመስኮት በኩል አያት። የሚሄደው ሻኪሶ ይሁን አዲስ አበባ አልነገራትም። ምናልባት እሱም አላወቀም። ሙኒራ ከመስኮቱ ሥር እየሮጠች፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ አንድ ነገር ብቻ ጮኸችበት።

«ክብረመንግሥት ላይ እንዳትወርድ።»

አቧራው ሲረጋ መናኸሪያው ባዶ ነበር። አባትና ልጅ አብረው ወደ ሱቅ ሄዱ። ሙኒራ ቁጣውን ጠበቀች፤ አልመጣም። ያ ደግሞ ከቁጣው የባሰ ሆነባት። ሐጂ ሱቁን ከፈቱ፣ ወንበራቸውን አወጡ፣ ተቀመጡ። ከብዙ ጊዜ በኋላ መሬት መሬቱን እያዩ ጠየቋት። በእስሩ ውስጥ ያሉት ሌሎቹ የእጅ ጽሑፎች የማን እንደሆኑ ነበር የጠየቁት።

«የጎሬ ሰው አለ» አለች። «የደብረ ታቦር፣ የአሰላ። እንደሱ መልስ የሚጠብቁ ናቸው።»

«ለብቻው አውጪው» አሉ ሐጂ። «በሰው ተስፋ ስኳር አይጠቀለልም።» ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ ያን ያህል ትልቅ ነገር እንዳልተናገሩ ሁሉ፣ ለሜጋዎቹ ገና መልስ እንዳልሰጡ ነገሯት። 

ጠዋቱ አልሄድ አለ። ደንበኛ ይገባል፣ ይወጣል። የሙኒራ ልብ ግን በዚያ አቧራማ መንገድ ላይ ነበር። አሁን እንዲህ ያለ ቁልቁለት ላይ ደርሷል፣ አሁን ጫካው ጀምሯል እያለች ያላየችውን መንገድ ታስባለች። ወርዶስ እንደሆነ? ተናድዶ፣ አፍሮ፣ ሻንጣውን ይዞ ወርዶ እንደሆነ? ገጾቹን በመንገድ ዳር ጥሎ እንደሆነ? ማን ይነግራታል? እሱ ሲጠብቅ የኖረውን ጥበቃ አሁን እሷ ትጠብቅ ጀመር፤ ዝምታው ምን ያህል እንደሚያቃጥል በራሷ አንጀት ቀመሰችው።

እኩለ ቀን ላይ አንዲት ሴት ግማሽ ኪሎ ስኳር ጠየቀች። ሙኒራ ማንኪያውን ጆንያው ውስጥ እንደከተተች ቀረች። ሴትየዋ ደገመችላት። ሙኒራ አልሰማቻትም።

ሐጂ ሳላሃዲን ከወንበራቸው ላይ ሆነው የእጅ ሰዓታቸውን አዩ። ከዚያ ልጃቸውን አዩ።

«አሁን ክብረመንግሥት ገብቷል» አሉ ቀስ ብለው።

ሙኒራ ማንኪያውን ለቀቀችው። እንደ ሕፃን ድምፅ አውጥታ አለቀሰች፤ በደንበኛ ፊት፣ በአባቷ ፊት። ሐጂ ተነስተው ባንኮኒውን ዞረው መጡ።  በትከሻዋ ይዘው ወደ ጎን ፈቀቅ አደረጓትና ማንኪያውን አነሱ። ስኳሩን ራሳቸው መዘኑ፣ ከጥግ የሲሚንቶ ወረቀት መዝዘው ጠቀለሉ። የሰዎቹ የእጅ ጽሑፍ ተለይቶ ከመደርደሪያው ላይ እንደተቀመጠ ነበር።